ስለ ተዋናይ ስትከራከሩ ገጹን ይዛችሁ ኑ

ሐዋሳ ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ ማታ እየተሰበሰብን መጽሐፍ የምናነብ፣ ከመጽሐፍ የተሠራ ድራማ ሲገኝም አብረን የምናይ 14 ሰዎች ነበርን። በሁለት ወር ውስጥ 6 ቀረን። ያለያየን ገንዘብ አይደለም፤ ዘርም ሃይማኖትም አይደለም። «ሰብለ ወንጌልን ማን ቢጫወታት ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ነው። ለዓመታት ቡና የተጠራሩ፣ ለቅሶ የተደራረሱ ሰዎች ፒያሳ ላይ ሲተላለፉ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ። ዛሬ ስብስቡ ተመልሶ ቆሟል። ክርክሩም አልቀረም፤ እንዲያውም ከበፊቱ የሞቀ ነው። አሁን ግን ስንለያይ ሁላችንም አንድ ነገር ይዘን እንወጣለን። በአዳማም በሌላም ከተማ እንደ እኛ የሚሰባሰቡ ሰዎች መኖራቸውን ስለምናውቅ፣ የት የት እንደሳትንና ምን ምን እንዳቃናን እንንገራችሁ።

የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራነው ድራማው ገና ሳይታይ ነው። ፍቅር እስከ መቃብር ተከታታይ ድራማ ሆኖ በ2017 ዓ.ም. በኢቢሲ ሊቀርብ ነው ሲባል ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በዚያው ደስታ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የተዋናዮች ፎቶ እየለጠፍን «ለሰብለ ይቺ ወይስ ያቺ?» የሚል ድምፅ መስጫ ከፈትን። ለፎቶ የሚሰጠው መልስ «ቆንጆ ናት» ወይም «አይደለችም» ብቻ መሆኑን ያኔ አላሰብነውም። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ያነበበውም፣ ጨርሶ ያላነበበውም እኩል ድምፅ ነበረው። ከዚያ የድምፅ መልእክት ተጀመረ፤ እኩለ ሌሊት ላይ የአራት አራት ደቂቃ ቁጣ። የከፋው ግን አንድ አባላችን በአንዲት ተዋናይ አፍንጫ የቀለደ ዕለት መጣ። ከመካከላችን አንዲት እኅት ዕድሜዋን ሁሉ «እሷን ትመስያለሽ» ስትባል የኖረች ናት። አንድ ቃል ሳትናገር ከግሩፑ ወጣች፤ ሁለት ጓደኞቿም ተከተሏት።

ስለዚህ ገና የምትጀምሩ ከሆነ ከፎቶ አትጀምሩ። ድምፅ መስጫ አትክፈቱ። ስለ ተዋናይ በድምፅ መልእክት መከራከርን ከልክሉ፤ በጽሑፍ ሲሆን ሰው ከመላኩ በፊት አንዴ ያነበዋል፣ ያነበበውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለዝበዋል። የተዋናይ መልክ ደግሞ በጭራሽ መነሣት የለበትም ባንልም፣ የሚነሣው መጽሐፉ ራሱ ስለዚያ መልክ የተናገረው ነገር ሲኖር ብቻ ይሁን።

ሁለተኛው ስሕተታችን ቶሎ አልታየንም። ድራማውን ማየት ስንጀምር በዕድሜ የገፉት አባሎቻችንና ወጣቶቹ ሊግባቡ አልቻሉም። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር አሉን፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው «ፊታውራሪ መሸሻ እንዲህ አድርገው አይናገሩም!» ሲሉ አንዱ ተማሪ መጽሐፉን ገልጦ «ጋሼ፣ ይኸው እኮ፣ እንዲሁ ነው የሚለው» ይላቸዋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ሀዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ብዙ ሰው ግን ታሪኩን ያወቀው በጆሮው ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው። ወጋየሁ ብቻውን ፊታውራሪውንም፣ ጉዱ ካሳንም፣ በዛብህንም፣ ሰብለንም ሆኗል። ያንን ትረካ የሰማ ሰው ተዋናዮቹን በልቡ መርጦ ከጨረሰ ቆይቷል። አዲሱን ተዋናይ ሲያይ የሚያወዳድረው ከወጋየሁ ድምፅ ጋር ነው፤ መጽሐፉን ብቻ ያነበበው ወጣት ደግሞ ከራሱ ምናብ ጋር። በአንድ ስም ስለ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስንጨቃጨቅ ከረምን ማለት ነው።

ይህን ካወቅን በኋላ አንዲት ትንሽ ሥርዓት አበጀን። የሚናገር ሰው ሁሉ አስተያየቱን ከመስጠቱ በፊት «አንብቤዋለሁ»፣ «ሰምቼዋለሁ» ወይም «አይቼዋለሁ» ብሎ ይጀምራል፤ ሁለቱን ወይም ሦስቱንም ከሆነ ይናገራል። ጥቂት ሰከንድ ትወስዳለች። ከጭቅጭቃችን ግማሹን ግን ያስቀረችው እሷ ናት፤ ምክንያቱም ሰሚው ከማን ጋር ሳይሆን ከምን ጋር እንደሚከራከር ያውቃል።

ነገሩን ከሥሩ የለወጠው ግን ሌላ ነው። ከቀረነው ስድስት ሰዎች አንዱ ዓይነ ስውር ተማሪ ነው። ፎቶ ይለጠፍ በነበረበት ሰሞን ዝም ብሎ ነበር የከረመው። አንድ ሐሙስ የአንድ ሌላ ድራማ ክፍል አይተን ስንጨርስ፣ ስለ ተዋናዮቹ ከሁላችንም የበለጠ የተጣራ አስተያየት የሰጠው እሱ ሆነ። «አባትየውና አጎትየው የሚናገሩት በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ነው። ሁለቱም የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ይጥሉታል። ሲጣሉ ማን ማንን እንደሰደበ አልገባኝም» አለ። መልሰን አየነው። ማያ ገጹን ጀርባ ሰጥተን ስንሰማው ልክ እሱ እንዳለው ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ «አጎትየው አይመጥንም» ስንል የነበርን ሰዎች ለምን እንደማይመጥን የተናገርን አልነበርንም። ተዋናዩ ብቻውን ቢሆን ጥሩ ነው፤ የተበላሸው የሁለቱ መጣመር ነው። ተዋናይ ሲመረጥ አንድ ሰው ለብቻው ተመዝኖ አይበቃም፤ ድምፁ ከጎኑ ከሚቆመው ሰው ድምፅ ተለይቶ መሰማት አለበት።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ድራማ ስናይ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ዓይናችንን ከማያ ገጹ አዙረን እንሰማለን። ሞክሩት። ማን እንደሚናገር በጆሮ ብቻ ለይታችሁ ከነገራችሁን፣ ምርጫው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ቀጥሎ ያበጀነው ደብተር ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ስንወስድ ገጹን ለሦስት እንከፍለዋለን። በመጀመሪያው ዓምድ መጽሐፉ በግልጽ የተናገረውን ከነገጽ ቁጥሩ እንጽፋለን፤ ዕድሜ፣ ቁመት፣ አነጋገር፣ አረማመድ። በሁለተኛው ከተነሣ ታሪኩ የሚፈርስበትን ነገር። በሦስተኛው እኔ በምናቤ ያየሁትን። የሚገርማችሁ፣ በብዙ ስሜት የምንከራከርበት ነገር አብዛኛው ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ተገኘ። «ጠይም ናት»፣ «ቀጭን ነው»፣ «ፀጉሩ ረጅም ነው» እያልን የማልንበትን ቃል ገጹ ላይ ስንፈልግ አናገኘውም። በአማርኛ ገጽ የሚለው ቃል ለወረቀቱም ለፊትም መሆኑ ስንት ክርክራችንን እንደገለጸልን! ጋሼ አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቁት፦ «የትኛው ገጽ ላይ ነው?»

ሁለተኛው ዓምድ ከሁሉም ይከብዳል፤ እዚህ ላይ ከውጭ የመጣ አንድ ምሳሌ ብዙ ረድቶናል። የሊ ቻይልድ ገጸ ባሕርይ ጃክ ሪቸር መጽሐፉ ላይ ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ95 ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም የተጫወተው ግን ከዚያ በጣም የሚያጥረው ቶም ክሩዝ ነው፤ አንባቢው አኮረፈ። በ2022 እ.ኤ.አ. ተከታታይ ድራማ ሲሠራ ሚናው ለግዙፉ አለን ሪችሰን ተሰጠ። ቁመት በአብዛኛው መጽሐፍ የመጀመሪያው ዓምድ ነገር ነው። እዚህ ግን ሰዎች ሪቸርን ገና ሲያዩት መፍራታቸው፣ በር ሞልቶ መቆሙ ራሱ ታሪኩን የሚያስኬድ ስለሆነ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። እንዲህ ሲሆን «አይመስልም» የሚለው ቅሬታ ሚዛን ይደፋል።

በተቃራኒው የቆመም አለ። ደራሲዋ አን ራይስ «ኢንተርቪው ዊዝ ዘ ቫምፓየር» የተባለው መጽሐፏ ወደ ፊልም ሲመጣ ሌስታት የተባለው ገጸ ባሕርይ ለቶም ክሩዝ መሰጠቱን በአደባባይ ተቃውማ ነበር። ፊልሙን በ1994 እ.ኤ.አ. ካየች በኋላ ሐሳቧን መለወጧን ያንኑ ያህል በአደባባይ ተናገረች። ገጸ ባሕርይዋን የፈጠረች ሴት እንኳ ሳታይ የፈረደችውን አይታ ከሻረች፣ እኛ በፎቶ መማላችን ምን ይባላል? ከዚህ የወሰድነው ሥርዓት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ሳያልቁ በተዋናይ ላይ የመጨረሻ ቃል አለመስጠት ነው። በመጀመሪያው ክፍል የምናየው ተዋናዩን ነው፤ ገጸ ባሕርይውን ማየት የምንጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ራሳችን መጽሐፍ ስንመለስ፣ ለክርክር ከሁሉ የሚመቸው ጉዱ ካሳ ነው። ሁለተኛው ዓምዱ ላይ እርስ በርሳቸው የሚጋፉ ሁለት ነገሮች ተጽፈዋል። የአካባቢው ሰው እንደ እብድ ቆጥሮ «ጉዱ» ብሎታልና ሲያዩት ሊስቁበት ይገባል። ተመልካቹ ደግሞ የሚናገረውን ሊያምነው ይገባል። እብደቱን የሚያጎላ ተዋናይ ከመረጣችሁ ትችቱ የቀወሰ ሰው ልፍለፋ ይሆናል። ፈላስፋነቱን ብቻ የሚያጎላ ከመረጣችሁ ደግሞ «ጉዱ» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ አይገባም። ሌሊቱ አምስት ሰዓት ሞልቶ ባጃጅ እስኪጠፋብን ስንከራከር ያመሸነው በዚህ ላይ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ማንም አላኮረፈም። በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ያለን ስምምነት ደግሞ ቀላል ሆነ፦ ከተናገረ በኋላ ይታዘዙኝ ይሆን ብሎ የማይጠራጠር ድምፅ። ቀሪውን ልብስና ጢም ይሞላዋል።

ከዚያ ወደ ኮሜዲ ገባን፤ እውነተኛው ፈተና ያለው እዚህ ነው። የሚያስቅ መጽሐፍ ወደ ቴሌቪዥን ሲመጣ ሳቁ መንገድ ላይ ይፈሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በመጽሐፍ የምንስቀው ገጸ ባሕርይው በሚናገረው ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ተራኪው ስለ እሱ በሚናገረው ነው። ካሜራ ተራኪ የለውም። የዳግላስ አዳምስ «ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ» በዚህ በኩል ጥሩ ትምህርት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ሬዲዮ ተጀመረ፤ በ1979 መጽሐፍ ሆነ፤ በ1981 በስድስት ክፍል ወደ ቴሌቪዥን መጣ። ቀልዱ ያለው በትረካው ስለሆነ ሬዲዮ ላይ የተረከው ፒተር ጆንስ በቴሌቪዥኑም ተራኪ ሆኖ ቀጠለ፤ ማያ ገጹ ላይ ጽሑፍና ሥዕል እየታየ እሱ ይናገራል። ለኛ ለወጋየሁ ልጆች ይህ ቶሎ ነው የገባን።

እግረ መንገዳችንን፣ ከተረት ኮሜዲ መሥራት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው ያዘጋጁት «ፋቡላ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የዘመናዊ ቴአትራችን መጀመሪያ ነው። በአውሬ ተመስሎ ሹማምንትን በመንካቱ ከመድረክ ታገደ። ገጸ ባሕርያቱ አራዊት ናቸውና እዚያ «አይመስልም» የሚል ክርክር ቦታ የለውም፤ ሰውየው አንበሳ የሚሆነው በሚያደርገው ነው። በቀድሞው ቴአትራችን ሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ይጫወቱ እንደነበርም መርሳት የለብንም። ተመልካቹ ተቀብሎ ያለቅስ ነበር።

«እንዲህ ቢያደርጉት ኖሮ» እያልን ከመቀመጥ ራሳችን አንድ አጭር ነገር ሠርተን እንየው አልን። መጀመሪያ ያሰብነው ከፍቅር እስከ መቃብር አንድ ምዕራፍ ወስደን በስልክ ቀርጸን ዩቲዩብ ላይ መልቀቅ ነበር። ይህን አታድርጉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ሀዲስ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። ቤት ውስጥ ሰብሰብ ብሎ ማንበብ ሌላ፣ አሻሽሎ ቀርጾ ለሕዝብ መልቀቅ ሌላ ነው። እኛ ለከተማችን አንድ ደራሲ ደብዳቤ ጻፍን፤ የትኛውን አጭር ልቦለድ እንደምንፈልግ፣ የት እንደምናሳየው፣ ክፍያ እንደማናስከፍል ገለጽን። እሳቸውም ፈርመው መለሱልን። ያቺ አንድ ገጽ ወረቀት ከካሜራ በፊት ትቅደም።

ታሪኩ ስለ አንድ የእድር ጸሐፊ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ማንበብ የሚወድ። ተራኪው ስለ እሱ ሲናገር፣ ሰውየው ቃለ ጉባኤ ሲያነብ የተቀበረ ሰው ተነሥቶ «ይበቃል» ሊል ምንም አይቀረው ነበር የሚል ሐሳብ አለው። ስናነበው በሳቅ ሞተናል። በመጀመሪያው ስክሪፕት ይህንን ቃል ለጎረቤትየዋ ሰጠናት። ስትናገረው ስድብ ሆነ፤ ግቢ ውስጥ የተሰበሰቡት ተመልካቾች ለሰውየው አዘኑለት። በሁለተኛው ራሱ ጸሐፊው እንዲናገረው አደረግን። ይህ ከመጀመሪያውም ባሰ። የሚያስቀን ሰውየው እንደሚያሰለች አለማወቁ ነበር፤ ራሱ ሲናገረው ዐወቀው፣ የምንስቅበትም ነገር አለቀ። የተራኪን ቀልድ ለሚቀለድበት ሰው አፍ አትስጡ፤ ይህን ብቻ ብትይዙ ብዙ ስክሪፕት ታድናላችሁ።

ሦስተኛው ሙከራ ተሳካ። ቃሉን ጨርሰን ጣልነውና ቡና አስገባን። ጸሐፊው «አጀንዳ አንድ» ብሎ ሲጀምር አቦል ይቀዳል። ቀጥሎ ስናይ ቶና እየተቀዳ ነው፤ እሱ አሁንም አጀንዳ አንድ ላይ ነው። ከዚያ በረካ። ስኒው ሲቀመጥ መነጽሩን አውልቆ ይወለውልና «ወደ አጀንዳ ሁለት ከመሻገራችን በፊት አጀንዳ አንድን ባጭሩ ልድገመው» ይላል። ጠቅላላው 40 ሰከንድ ነው። ሦስት ስኒ ቡና ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ የማያውቅ ተመልካች የለምና ማስረዳት አያስፈልግም።

እዚህም ቢሆን አንድ ስሕተት ሠርተን አርመናል። መጀመሪያ ስንቀርጽ የንባቡን ድምፅ ከምስሉ ጋር አብረን ቆረጥነው፤ ሦስት የተለያዩ ስብሰባዎች መሰለ። መፍትሔው ጸሐፊው ያለማቋረጥ ለሁለት ደቂቃ ሲያነብ ድምፁን ለብቻ መቅዳትና ምስሉ ሲቀያየር ድምፁ ሳይቋረጥ ከሥር እንዲሄድ ማድረግ ነው። ሌላም አለ። «ልድገመው» ሲል የተነሣው ሳቅ ቀጣዩን ንግግር ዋጠው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ማንም የማይናገርበት ጊዜ ጨመርን፤ ቡና የምታፈላው እናት ቀስ ብላ ስኒዎቹን ማጠብ ትጀምራለች። ቤት ውስጥ ለሚያይ ሁለት ሰከንድ ይበቃል፤ 30 ሰው ላለበት ግቢ ግን አራት ያስፈልጋል።

ለጸሐፊው ሚና መጀመሪያ የመረጥነው በከተማችን ሠርግ ሁሉ የሚፈለገውን፣ አፉን ሲከፍት ሰው የሚስቅለትን ወዳጃችንን ነው። አልሆነም። ቀልዱ ከመድረሱ በፊት ፊቱ «መጣላችሁ» ይላል፤ ሰው ሲስቅለት ደግሞ ይጨምራል። በምትኩ ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ቤት የሠሩ፣ ሲናገሩ ወረቀት የሚያስተካክሉ ዝምተኛ ሰው ጠየቅን። «እኔ ቀልድ አላውቅም» ብለው ሁለት ጊዜ እምቢ አሉን። የምንፈልገው እሱን ነው አልናቸው። አሁን ተዋናይ ስንፈትን አስቂኝ ንግግር አንሰጥም። የእድር መተዳደሪያ ደንብ አውጥተን ስለ መዋጮና ቅጣት የሚናገረውን አንቀጽ ለሁለት ደቂቃ እንዲያነቡት እናደርጋለን። አንቀጹን የምር አክብሮ ያነበበው ሰው ሚናውን ያገኛል። ዕድሜን በተመለከተ፣ የ28 ዓመት ልጅ ፀጉሩን በዱቄት አንጥቶ ሽማግሌ ሲሆን ከስድስት ሜትር ርቀት ያሳምናል፤ ካሜራው ሲቀርብ ግን አንገቱና የእጁ ቆዳ ያጋልጡታል። ለመድረክ ይቻላል፣ ለቴሌቪዥን አይቻልም።

ከሁሉ ያሳዘነን ስሕተት የአነጋገር ነው። ሐዋሳ ሲዳምኛውም፣ ወላይትኛውም፣ አማርኛውም በአንድ ጎዳና የሚሰማባት ከተማ ናት። ከእድርተኞቹ አንዱ አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው ነበር፤ ተዋናዩ ዘዬውን አጋንኖ ሲናገር ልምምድ ላይ ተሳቀ። አንዲት የሲዳማ ልጅ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያልተለየችን፣ «አባቴ እንዲህ ነው የሚናገረው» ብላ ቦርሳዋን ይዛ ተነሣች። ቤቷ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ስክሪፕቱንም አብራን አረመችው። ከእሷ የተማርነው ፈተና ይኸው፦ የሚያስቀውን ንግግር ያለ ዘዬው አንብቡት። አሁንም ካሳቀ ቀልድ አለው፤ ዘዬው ይቆይ፣ የሰውየው ነው። ካላሳቀ ድሮም ቀልድ አልነበረም፤ የሳቅነው በሰው ነው፤ አውጡት። ይኸው ፈተና ትልልቅ የቴሌቪዥን ኮሜዲዎችን ስንመዝንም ያገለግለናል፤ ገጠሬን፣ የቤት ሠራተኛን፣ ከደቡብ የመጣን ሰው በአነጋገሩ ብቻ የሚያስቅ ክፍል በዚህ ወንፊት አያልፍም።

ሰምና ወርቅ ያለበት ንግግርም ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንባቢ ወርቁ ካልገባው ተመልሶ ያነባል፤ ተመልካች አይመለስም። ተዋናዩ ቅኔ መናገሩን በዓይኑ ከጠቀሰ ይበላሻል። የሚሻለው ሰሚው ገጸ ባሕርይ ዘግይቶ እንዲገባው ማድረግ ነው፤ እሱ ሲያስብ ተመልካቹም ያስባል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ትዕይንት ተናጋሪውን ብቻ አትመልከቱ፤ ሰሚው የተመረጠው በደንብ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

የሐሙሱ ሥርዓታችን አሁን እንዲህ ነው። ብዛታችን ከ12 አይበልጥም፤ ሲበልጥ ለሁለት እንከፈላለን። መጀመሪያ ከመጽሐፉ አራት ወይም አምስት ገጽ ጮክ ብለን እናነባለን፤ በእኛ ሰዓት አንድ ገጽ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል። ከዚያ ክፍሉን ሳናቋርጥ እናያለን። በየራስ ስልክ ማየት ኮሜዲን ይገድላል፤ በአንድ ቴሌቪዥን ይሁን፣ ድምፁም ለብቻው ስፒከር ይኑረው፤ የቴሌቪዥኑ የራሱ ድምፅ ከኋላ ስለሚወጣ የንግግሩ ጫፍ ይጠፋል። ኔትዎርክ ስለማያስተማምን ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ መብራት ለሚጠፋበት ቀን መጽሐፉ አለ። ካየን በኋላ ለአምስት ደቂቃ ማንም አይናገርም፤ ሁሉም በደብተሩ ይጽፋል። ይህ ዝምታ ካልተጠበቀ የመጀመሪያው ተናጋሪ ሐሳብ የሁሉም ሐሳብ ይሆናል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ደቂቃ፣ ከታናሽ ወደ ታላቅ። ይህን ማስለመድ ከባድ ነበር። በባህላችን ታላቅ ይቀድማል፤ ነገር ግን ጋሼ ከተናገሩ በኋላ የ20 ዓመት ልጅ «አይደለም» ብሎ አይቃወማቸውም፤ ክርክሩ እዚያው ይዘጋል። ስለዚህ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ነገር ሰምቶ ነው የሚፈርደው፤ መጨረሻ ላይ ይደምድሙልን» ብለን ለመንናቸው። ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ይናገራሉ፤ እሳቸውም ሦስት ጊዜ ሐሳባቸውን ለውጠው ደምድመዋል።

ያኔ ከግሩፑ የወጣችው እኅት ተመልሳለች። ሁለት ሆነን ቤቷ ሄደን፣ የቀለደውም ሰው ራሱ አብሮ ሄዶ ነው። ስለ ሰብለ ያላት አቋም አልተለወጠም፤ አሁንም ምርጫው አልተዋጠላትም፣ ግን ሁለት ገጽ ጠቅሳ ነው የምትከራከረው፤ ከእኛ ግማሾቹ ከእሷ ጋር ነን፣ ግማሾቹ አይደለንም።

በዚህ ወር የያዝነው የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» ነው፤ ከመጀመሪያውም ለመድረክ የተጻፈ ኮሜዲ ስለሆነ የሚወገድ ተራኪ የለውም፤ የሚያከራክረን የቀረው የተዋናይ ምርጫ ብቻ ነው። ሚናውን በየሳምንቱ እንለዋወጣለን። ባለፈው ሐሙስ አንዱን ንግግር መጀመሪያ ጋሼ፣ ቀጥሎ የ19 ዓመቷ ልጅ አነበቡት። ቃሉ አንድ ነው፤ ሰው የሳቀው ግን በሁለት የተለያየ ቦታ ነው። ሁለቱንም ቦታ መጽሐፉ ላይ በእርሳስ አስምረንባቸዋል፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ሒሳብ ቤት የሠሩት ሰው ያነቡታል፣ ሦስተኛ መስመር እንደሚጨመር እየጠበቅን ነው።